ግራ ጎኑ ታለቅሳለች

እኔ ወሬ አልወድም። «አበዛሽ ጋ ሂድ፤ ከዓሣው ጋር ወሬውንም ጠብሳ ትሰጥሃለች» የሚል ሞልቷል፤ ይበል፤ የሰው አፍ አልይዝ። እኔ የማወራው ያየሁትን ነው። የየሺአረግን ነገር ደግሞ ከኔ የበለጠ ያየ የለም። አጥራችን አንድ፣ የውሃ መስመራችን አንድ። እሷ ጓዳዋ ሆና ስታስነጥስ እኔ ከመጥበሻዬ ሥር «ይማርሽ» እላታለሁ።

የሺአረግ አዋላጅ ናት፤ የጎሬ ልጅ። ጋምቤላ የመጣችው በደርግ ጊዜ ተመድባ ነው። መንግሥት ተለውጦ ጋምቤላ ራሷን የቻለች ክልል ሆነች ሲባል፣ አብረዋት ከመጡት ደገኞች ብዙዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ። እሷ ቀረች። «ማን ሊያዋልዳቸው?» አለች። እውነቷን ነው። የሹሙም ሚስት፣ የዘበኛውም ሚስት፣ የዓሣ አስጋሪውም ሚስት የምትገላገለው በሷ እጅ ነበር። «አይዞሽ፣ ግፊ» ማለትን በኑዌርም በአኙዋክም ትችላለች፤ ከዚያ ያለፈ ግን አንድ ቃል አታውቅም። ገበያ ስንወጣ የማላውቃቸው ሴቶች ያዋለደቻቸውን ልጅ አቅፈው መንገድ ላይ ያስቆሙናል። ልጁን ትስመውና ትንሽ መንገድ ዝም ብላ ትሄዳለች። ለራሷ አልወለደችማ።

ይህን የማነሳው ላሳዝናችሁ ብዬ አይደለም። ቅናቷ ከየት እንደሚነሳ ካላወቃችሁ እብድ ትመስላችኋለች። አባቷ ቴፒ ሥራ አገኘሁ ብሎ የእንጨት መሣሪያውን ተሸክሞ ወጣ፤ እዚያው ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ። እናቷ «ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል» እያለች አረጀች። የሺአረግ ስትናደድ «ወንድ ልጅ መሣሪያውን ይዞ ከወጣ አለቀ» ትላለች። እንግዲህ እንዲህ የምትል ሴት ስታገባ ቢያንስ አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚውል ባል ማግባት አልነበረባትም? ጸሐፊ፣ ልብስ ሰፊ፣ ምን ጠፍቶ! እሷ ግን ልዑልቃልን አገባች። ልዑልቃል የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ውሎው የሰው ማድ ቤት፣ የሰው መታጠቢያ ቤት።

መልኩ ደህና ነው፤ ይህን ያህል የሚያስቀና ግን አይደለም። ጺሙን ያሳምራል፣ ሲሠራ ያፏጫል፣ ሴት ስታመሰግነው ጆሮው ይቀላል። በቃ፣ ይኸው ነው ልዑልቃል። የሺአረግ ግን ማታ ሲገባ በር ላይ ጠብቃ የሸሚዙን ኮሌታ ታሸታለች።

«ፀጉርህ ለምን ረጠበ? የማን ቤት ታጠብክ?»

«የሺ፣ ቧንቧ ነው እኮ የምሠራው!»

«ቧንቧ የሠራ ሁሉ ይታጠባል?»

እኔ ከአጥሩ ማዶ «ኧረ በናትሽ! የቧንቧ ሠራተኛ ደርቆ ሲመጣ ነው መጠርጠር!» እላታለሁ። ትስቃለች። ስቃ ስታበቃ ኮሌታውን ደግማ ታሸታለች።

ከሰፈራችን በላይ፣ ጉብታው ላይ፣ «የፈረንጁ ቤት» የሚባል አለ። ለእርሻ ሥራ የመጣ አንድ መሐንዲስ ነው ያሠራው። ፕላኑን ካገሩ ይዞ መጣና አንድ መስመር ሳይለውጥ አስገነባው። ፕላኑ ላይ የነበረው ደግሞ፣ እኔ በዓይኔ እስካየው ድረስ አላመንኩም፣ የቤት ማሞቂያ ነው። ጋምቤላ ላይ! ዶሮ በቀትር አፏን ከፍታ በምታለከልክበት አገር! በየክፍሉ ግድግዳ ሥር እንደ በሬ ጎድን የተደረደረ ብረት ቆሟል። ውስጡ ውሃ ይሄድበታል፤ ብርድ ባለበት አገር ያ ውሃ ፈልቶ ቤቱን ያሞቃል አሉ። እዚህ እሳቱን ማንም አንድዶት አያውቅም። ፈረንጁ ሲሄድ የገባ ተከራይ ቧንቧ ቢያጣ ጊዜ፣ የማድ ቤቱንና የመታጠቢያውን ውሃ ከዚያው ከብረቱ ቀጠለ። ስለዚህ ብረቱ ተነቅሎ አይጣል ነገር፤ እሱ ከተነቀለ ቤቱ ውሃ የለውም። አዲስ ቧንቧ ደግሞ ያኔ ተፈልጎም አይገኝም።

ቤቱ ተዘግቶ ከረመና ኛኬር ተከራየችው። ኛኬር ለስደተኞች በሚሠራ ድርጅት አስተርጓሚ ናት፤ አንዳንዴ ፑኝዶ ካምፕ ስትሠራ ሰንብታ አቧራ ለብሳ ትመለሳለች። ኑዌርኛው አፏን የፈታችበት ነው፤ ዐረብኛውን ታንበለብለዋለች፤ እንግሊዝኛውን ከፈረንጆቹ ጋር ትከራከርበታለች። አማርኛው ላይ ብቻ ትደናቀፋለች። ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች። ግን አታፍርም፤ እየሳቀች ትገፋበታለች። ረጅም ናት፣ መልከ መልካም ናት። ምን ልበላችሁ፣ የሺአረግ ባትቀና እኔ እቀናላት ነበር።

ኛኬር ገብታ በመጀመሪያው ምሽት ልትታጠብ ቧንቧ ስትከፍት ቤቱ ጮኸ። ብረቱ ይንኳኳል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ እንደ ሰው ያቃስታል። ግድግዳው ውስጥ ሰው የታፈነ መስሏት ፎጣዋን እንዳገለደመች በረንዳ ወጣች። ልዑልቃል ተጠራ። አየና «አየር ገብቶበታል፤ ሌላ ምንም አይደለም» አላት። ቤቱ ተዘግቶ ሲከርም ውሃው ጎድሎ በፈንታው አየር ሞልቶበታል። ውሃው ሲመለስ አየሩ መውጫ ያጣና ብረቱ ውስጥ ይላጋል። መድኃኒቱ ማስተንፈስ ነው። በያንዳንዱ ጎድን ጫፍ ላይ ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች፤ በቁልፍ ላላ ሲያደርጓት አየሩ እየተፍለቀለቀ ይወጣል፤ ውሃ ብቅ ሲል መዝጋት ነው። ልዑልቃል ሁሉንም በየተራ አስተነፈሰ። ሳሎን ውስጥ ከበሩ በስተግራ ያለው ብቻ ብሎኑ ዝጎ እምቢ አለው።

«የሳሎኑ ቀኝ ጎኑ ደህና ነው» አላት። «ግራ ጎኑ ነው ያስቸገረኝ። ዘይት ቀብቼዋለሁ። እንደገና ካለቀሰ ላኪብኝ፤ መጥቼ አስተነፍሰዋለሁ።»

ኛኬር ቃሉን ያዘች። የሰማችውን ቃል አትጥልም፤ እንጀራዋ ነዋ።

በማግስቱ እኔ ዓሣ እየጠበስኩ፣ የሺአረግ ከሥራ ወጥታ አጠገቤ ሽንኩርት እየላጠችልኝ ሳለ፣ ኛኬር መጣች። ለከተማው አዲስ ናት፤ ማን የማን ሚስት እንደሆነች በምን ታውቃለች? ጎንበስ ብላ ሰላም አለችንና «የልዑልቃል ቤቱ እዚህ ነው አሉኝ» አለች።

«ነው» አለች የሺአረግ።

«እባክሽ እህቴ፣ መልእክት ንገሪልኝ። ግራ ጎኑ ታለቅሳለች በይው። ትናንትና ዘይት ቀባት፣ ደህና ነበረች። ዛሬ እንደገና ታለቅሳለች። ቶሎ ይምጣና ያስተንፍሳት። እኔ ሳልታጠብ እጠብቀዋለሁ።»

ይህን ብላ፣ አመስግና፣ ጥብስ ዓሣ አስጠቅልላ ሄደች።

ግራ ጎን በእኛ አማርኛ ማን እንደሆነች ለእናንተ አልነግርም። የሺአረግ ሽንኩርቱን ይዛ ቀረች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ግራ ጎኑ?» አለች። «እሷ ግራ ጎኑ ከሆነች እኔ ማን ነኝ? ንገሪኛ እትዬ አበዛሽ፣ እኔ ማን ነኝ?»

«ኧረ አማርኛ አትችልም፤ ሌላ ነገር ማለቷ ይሆናል።»

«ይህን ያህልማ ችላለች! ዘይት ቀባት! ዘይት! ለኔ ወገቤን ሲያመኝ ቅባኝ ብለው እጄ ቆሽሿል የሚል ሰውዬ!» ቢላዋውን አስቀመጠች፤ ደግ አደረገች። «ሳልታጠብ እጠብቀዋለሁ አለች። ሰማሽ አይደል? እኔ ፊት! በገዛ አፌ ላከችኝ እኮ!»

ልዑልቃል ማታ ሲመጣ መልእክቱን ቃል በቃል ነገረችው። ሞኙ ሰውዬ ደነገጠና ሳቀ። በዚያ ሰዓት ይሳቃል? ከሳቀ በኋላ እውነቱን ሊያስረዳ ጀመረ፤ እሱ ደግሞ ከሳቁ ባሰ።

«የሺ፣ የብረት ጎድን ነው። የቤት ማሞቂያ ነው። ሳሎኑ በስተግራ ያለው…»

«ምን?»

«ማሞቂያ።»

«ማሞቂያ? ጋምቤላ?»

«ፈረንጁ ነው ያስገባው…»

«ልዑልቃል! ውሸት ቢያልቅብህ እንኳ ደህናውን ምረጥ እንጂ! ሰው እንደ ቅቤ በሚቀልጥበት አገር ሴትዮዋን ብርድ መታት በለኛ!»

እውነት እየተናገረ እንዲህ ውሸታም የመሰለ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ራሴ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ «አይ ልዑልቃል፣ ዛሬስ አበላሸኸው» አልኩ በሆዴ። እሱ መሣሪያውን አንጠልጥሎ ወደ ጉብታው ወጣ። እሷ ግቢዋ መሃል ቆማ ጀርባውን አየች፤ አየችና ሄዳ ማንጎዋ ሥር ያለውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

ስለዚያ ቧንቧ ልንገራችሁ። መስመሩ በእኛ ሰፈር ያልፍና በየሺአረግ ግቢ ሥር ሾልኮ ወደ ጉብታው ይወጣል። ልዑልቃል ለሰው ቀጭን ቧንቧ ያስገባል፤ ለገዛ ግቢው ግን ውሃውን ቁልቁል የሚያስጮኸውን ወፍራሙን ነው ያስገባው፤ ለራሱማ አይሰስት። ያ ቧንቧ ሲከፈት የኔ ባልዲ ይደርቃል።

«አንቺ!» አልኳት። «በዚህ በበጋ፣ ባሮ ወገቡ ቀጥኖ ሰው ውሃ በወረፋ በሚቀዳበት ጊዜ፣ ማንጎ ታጠጫለሽ?»

«አጠጣለሁ! የኔ ማንጎ ይጠጣ! ለባሌ ታጥባ ቅባት ተቀብታ የምትቆይበትን ውሃ በግቢዬ አላሳልፍም። ከነአቧራዋ ትቀበለው!»

አያድርስ ነው! ቅናት ስንት ብልሃት ያስተምራል። እኔም ነገሩ ለአንድ ቀን ነው ብዬ ተውኳት።

ለአንድ ቀን አልሆነም። ልዑልቃል በዚያ ቀን ግራ ጎኑን አስተንፍሶ፣ ጸጥ አሰኝቶ ተመለሰ። በማግስቱ ብረቱ እንደገና አለቀሰ። ኛኬር እንደገና መጣች፤ የሺአረግ ስታያት ወደ ጓዳ ገባች፤ መልእክቱን እኔ ተቀበልኩ፤ ልዑልቃል ወጣ፤ ማንጎው ጠጣ። ደግሞ ብረቱ አለቀሰ። እንዲህ እያለ የበጋው ወራት ሊያልቅ ሆነ። ልዑልቃል ያላደረገው የለም። ማያያዣውን ሁሉ ፈትቶ ክር ጠምጥሞ መልሶ አሰረ። የብሎኖቹን ጎማ ለወጠ። የሳሙና አረፋ በየመገጣጠሚያው ቀብቶ የሚተነፍስ ቀዳዳ ፈለገ፤ አንድም አላገኘም። «እትዬ አበዛሽ፣ አየር ከሰማይ አይወርድም፤ የሆነ ቦታ ይገባል። ግን በየት?» ይለኛል፤ ዓሣውን ሳይበላ ይቀዘቅዝበታል። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ አይደለሁ፣ በምን ልወቅለት?

ሰፈሩ ግን አወቅሁ አለ። ልዑልቃል ሲያልፍ «ግራ ጎንህ እንዴት አደረች?» የሚሉት በዙ። አንድ የጠገበ ሹፌርማ «እኛም የሚያስተነፍሰን አጣን እኮ» ብሎ የሰው መሳቂያ አደረገው። ሥራ ቀረበት። ሚስት ያለው ሁሉ ሌላ ሠራተኛ መጥራት ጀመረ። ጺሙን ማሳመር ተወ፤ ፉጨቱም ጠፋ። የሺአረግ ደግሞ ከሳች። ሌሊቱን ስታዋልድ አድራ ትመጣለች፣ ቀኑን ስትቀና ትውላለች፤ መቼ ትተኛ? አንድ ቀን እጄን ይዛ ወደ ጉብታው እያየች «ትወልድለታለች» አለችኝ። «ልጁንም የማዋልደው እኔ ነኝ። በዚህ ከተማ ሌላ ማን አለ?» ይህን ስትል አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ከዚያ አንድ ዓርብ ጠዋት ሻንጣዋን በር ላይ አየሁት። ወደ ጎሬ ዝውውር ጠይቃ ተፈቅዶላታል፤ የቅዳሜው አውቶቡስ ላይ ቦታ ይዛለች።

«ነገርሽው?» አልኳት።

«ምን ልንገረው? እሱ ጉብታው ላይ ነው። እናቴ በር በር እያየች አረጀች፤ እኔ አላረጅም። መሣሪያውን ይዞ እስኪወጣ አልጠብቅም፤ ቀድሜ እወጣለሁ።»

 ተናደድኩ። «ስሚ» አልኳት። «ሂጂ፤ ግን ሳታዪ አትሄጂም። ያ ብረት አለ ወይስ የለም? ተነሽ፣ አብረን እንውጣ። ብረቱ ከሌለ ሻንጣሽን በጭንቅላቴ ተሸክሜ አውቶቡሱ ላይ እሰቅልልሻለሁ። ካለ ግን አንቺ ታፍሪያለሽ።»

ብዙ አንገራገረች። ነጠላዋን ስትለብስ ግን ማየት እንደፈለገች ገባኝ። ከግቢ ስንወጣ ወደ ማንጎው ዞር ብላ ቧንቧውን እንደ ልማዷ ከፈተችው። «ዛሬ እንኳ!» አልኳት። «ዛሬ ይባስ» አለችኝ።

ጉብታው ላይ ኛኬር በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ የፑኝዶ አቧራ ከጫማዋ ታራግፋለች። እኔን ስታይ ተነሳች። «ማማ አበዛሽ! ግቡ፣ ግቡ። ልዑልቃል ውስጥ ነች።»

የሺአረግ ደረጃው ሥር ቆመች። «ባሌ ውስጥ ነው?»

«ባልሽ?» ኛኬር እኔን አየች፣ እሷን አየች። «አንቺ ሚስቱ ነሽ? ያን ቀን ሽንኩርት የያዝሽው? እኔ መልእክት የሰጠሁሽ?» ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቢሮ ውስጥ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግራ ጎን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለካ በዚያው ሳምንት ነግረዋታል፤ መልእክቱን የሰጠቻት ሴት ማን እንደሆነች ግን እስከ ዛሬ አላወቀችም ነበር። «እህቴ፣ ይቅርታ። ቃሉን ከሱ ሰማሁ፤ የብረቱ ስም መሰለኝ።»

«ብረት፣ ብረት! በየቀኑ የሚያስጠራሽ ብረት!»

ኛኬር አልተቆጣችም። ወርዳ ፊት ለፊቷ ቆመች። «እኔ ባል አለኝ። ሱዳን፣ ናስር ነው ያለው፣ ከትንሿ ሚስቱ ጋር። እሷ ስትመጣ እኔ ቤቱን ለቀቅኩ። ቅናት ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ፤ እዚህ ጋ ይበላል» ብላ ደረቷን ነካች። «ባል ግማሽ አይቼዋለሁ። ያንቺን ግማሽ ምን አደርገዋለሁ? ነይ፣ ብረቱን እይ።»

ገባን። ልዑልቃል ከበሩ በስተግራ ተንበርክኮ ላቡ ይንጠባጠባል። አጠገቡ ያ ብረት፣ ጎድን በጎድን ሆኖ፣ የኛኬር የታጠበ ልብስ ተሰጥቶበት ቆሟል። የሺአረግ ሄዳ በመዳፏ ነካችው። ቀዝቃዛ ነው። ቀስ ብላ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው፤ የነፍሰ ጡር ሆድ ስትመረምር እንደዚያ ነው የምትዳስሰው።

«አለ» አለች።

«አለ» አለ ልዑልቃል፤ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «ነግሬሽ ነበር።»

እንግዲህ እኔ በዚህ ያልቃል ብዬ ነበር። የት! የየሺአረግ ቅናት እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጥ አይደለም።

«እሺ ብረቱስ አለ» አለች። «ብረት በየቀኑ ይታመማል? ምን ቢሆን ነው በየቀኑ የሚያለቅሰው? ወይስ መዳኑን አልፈለግኸውም?»

«እኔስ እሱን ነው የማላውቀው!» ብሎ ጮኸ። ልዑልቃል ሲጮህ ገና ያን ቀን ሰማሁት። «ነይ እዚህ! ዓይንሽ እያየ አስተነፍሰዋለሁ!» ቁልፉን ብሎኗ ላይ አድርጎ ላላ አደረጋት። አየሩ እየተፍለቀለቀ ወጣ፣ ውሃ ዱብ ዱብ አለ፣ ዘጋው። ብረቱ ጸጥ አለ። «ይኸው፣ ዳነ። አሁን የመታጠቢያውን ክፈቺው» አላት ኛኬርን።

መታጠቢያ ቤቱ ገባንና ኛኬር ከፈተችው። ውሃው መጣ፣ ቀጠነ፣ ሳለ፣ ጭራሽ ቆመ። ልዑልቃል የየሺአረግን እጅ ያዘና መዳፏን የቧንቧው አፍ ላይ አደረገው። መዳፏ ወደ ውስጥ ተጎተተ። ደንግጣ ነጠቀችው።

«ሳበኝ!»

«ይስባል» አለ፤ እሱም ገና ያኔ እየገባው ነው። «ውሃው ወደ ኋላ እየወረደ ነው። ከታች በኩል አንድ ሰው በትልቁ ከፍቷል ማለት ነው። ሲከፍት የጉብታው ውሃ ወደዚያ ይወርዳል፣ በዚህ በኩል አየር ይገባል። ሲዘጋ ውሃው አየሩን እየገፋ ይመለሳል፤ ያኔ ብረቱ ያለቅሳል። እኔ ደግሞ ላይ ላዩን ስፈልግ… ግን ማን ነው? ከዚህ በታች መስመሩ ላይ ያለው እኮ እትዬ አበዛሽና…»

አልጨረሰውም። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ቁልቁል ወደ ሰፈራችን ነው። በበጋ ሰፈሩ ሁሉ ደርቆ አመድ መስሏል፤ መሃል ላይ አንድ ማንጎ ለምልሞ ቆሟል፤ ሥሩ ኩሬ ሆኖ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል፤ የኔው ፍየል ቆማ ትጠጣለች። ሁላችንም አየነው። 

«እኔ ነኝ» አለች የሺአረግ።  «እንዳትታጠብ ብዬ ነበር። እዚህ በየቀኑ የላክሁህ እኔ ነኝ።»

ልዑልቃል ከመስኮቱ ዞረ። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ፊቱ ጠቆረ።

«ስሜ በከተማው ጠፋ» አለ። «ሥራዬ ጠፋ። እጄ ሥራ የረሳ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። አንቺ ግን በር ላይ ኮሌታዬን ታሸቺ ነበር።»

ሳሎን ተመልሶ ገባ። ቁልፉን፣ መፍቻውን፣ የዘይት ጣሳውን አንድ በአንድ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። የሺአረግ ተከትላው ወጥታ ከበሩ በስተግራ፣ ብረቱ አጠገብ ቆመች። የፈራችውን ቀን እያየች ነው፤ ባሏ መሣሪያውን ይዞ እየወጣ ነው፤ መንገዱን የከፈተችለት ራሷ ናት። «ልዑል…» አለች። ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፤ ያ ብረት ሲያቃስት እንደነበረው፣ ከሆዷ። እሱ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አደረገና ደጃፉን አለፈ። እኔ ልናገር አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስንት ዓመት ያወራሁት ሴትዮ!

የተናገረችው ኛኬር ናት።

«ልዑልቃል!» አለችው። «ግራ ጎንህ ታለቅሳለች።»

ልማድ ሆኖበት ወደ ብረቱ ዞረ። ብረቱ ጸጥ ብሏል። ከዚያ ከብረቱ አጠገብ ያለችውን አየ። ደጃፉ ላይ ብዙ ቆመ። የሺአረግ ቀና ብላ አላየችውም፤ እየሄደ መሰላት። እሱ ግን ተመልሶ ገባ፤ ከረጢቱን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ እጁን በሱሪው ጠርጎ ትከሻዋን ያዛት።

ኛኬርና እኔ ቧንቧውን ልንዘጋ ወደ ማንጎው ወረድን። መንገድ ላይ «አማርኛው ልክ ነበር?» አለችኝ። «ልክ ነበር» አልኳት።